ያልተቆጠረና የሌለ አንድ አይደሉም
የዱር አራዊትና የአዕዋፍ የሕዝብ መዝገብ እንዴት እንደተሻሻለና ለንግድ ሰው የሚሰጠው ጥቅም

በመጋዘን ቆጠራ ጊዜ በመዝገቡ ላይ ባዶ ሆኖ የተገኘ መስመር ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ሊያመለክት እንደሚችል ማንኛውም ነጋዴ ያውቃል። ዕቃው በእርግጥ አልቆ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ደግሞ ዕቃው በቦታው ተቀምጦ ሳለ ቆጣሪው ወደዚያ ጥግ አልደረሰ ይሆናል። በወረቀቱ ላይ ሁለቱ አንድ ይመስላሉ። ሆኖም ያልተቆጠረውን ዕቃ አልቋል ብሎ እንደገና ያዘዘ ነጋዴ ገንዘቡን በከንቱ ያስራል፤ ያለቀውንም ዕቃ አለ ብሎ ለደንበኛው ቃል የገባ ነጋዴ እምነቱን ያጎድላል።

ይኸው የሒሳብ ጥያቄ ዛሬ ከመጋዘን ውጭም በሰፊው ይነሣል። በብዙ አገሮች የሚኖሩ መምህራን፥ ገበሬዎች፥ ሾፌሮች፥ ጡረተኞችና ተማሪዎች ያዩትን ወፍ፥ አውሬ፥ ቢራቢሮ ወይም ተክል በእጅ ስልካቸው አማካይነት በአንድ የጋራ መዝገብ ላይ ያሰፍራሉ። ሊቃውንቱ ይህን ሥራ «የዜጎች ሳይንስ» ይሉታል። መዝገቡ የሚጠቅመው ለተፈጥሮ ተመራማሪዎች ብቻ ቢሆን ኖሮ በንግድ ጋዜጣ ላይ ስለ እርሱ መጻፍ ባላስፈለገ ነበር። ነገር ግን ዛሬ የኃይል ማመንጫ ፈቃድ የሚሰጡ መሥሪያ ቤቶች፥ ለታላላቅ ሥራዎች የአካባቢ ጥናት የሚያዘጋጁ ባለሙያዎች፥ እንዲሁም ከማሳቸው ተጨማሪ ገቢ የሚያገኙ ገበሬዎች ይህን መዝገብ ይመለከታሉ። ስለዚህ የመዝገቡ ጉድለት ምን እንደነበረና እንዴት እንደታረመ፥ ገና ያልታረመውም የቱ እንደሆነ ለክቡራን አንባቢዎቻችን በአጭሩ ለማስረዳት እንወዳለን። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመዝገቡ አጀማመር

ሕዝብን በቆጠራ ማሳተፍ አዲስ ነገር አይደለም። በ1900 ዓ.ም. ፍራንክ ቻፕማን የተባለው አሜሪካዊ የአዕዋፍ ሊቅ፥ በገና ሰሞን ወፍ ለመግደል ወደ ዱር የመውጣት ልማድ ቀርቶ በምትኩ ወፎቹ እንዲቆጠሩ ሐሳብ አቀረበ። በዚያ ዓመት 27 ሰዎች በ25 ቦታዎች ቆጠሩ። ይህ የገና ቆጠራ እስከ ዛሬ ሳይቋረጥ በየዓመቱ ይካሄዳል።

በኢንተርኔት አማካይነት የሚሠራው ታላቅ መዝገብ ደግሞ «ኢበርድ» ይባላል። በ2002 ዓ.ም. በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የአዕዋፍ ጥናት ተቋም ከብሔራዊ የኦዱቦን ማኅበር ጋር ሆኖ አቋቋመው። በመጀመሪያ የዓለምን አንድ ክፍል ወፎች ብቻ ይመለከት ነበር፤ ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ግን ከዓለም አገሮች ሁሉ መዝገብ ይቀበላል። በ2021 ዓ.ም. የተመዘገበው የምልከታ ቁጥር ከአንድ ቢሊዮን አልፏል። ከዚህ ሌላ በ2008 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በበርክሊ ተማሪዎች የመመረቂያ ሥራ የተጀመረው «አይናቹራሊስት» የተባለ መዝገብ አለ፤ ይህኛው ወፍን ብቻ ሳይሆን ማናቸውንም ሕይወት ያለው ፍጥረት በፎቶግራፍ አስደግፎ ይመዘግባል። እኛ በተለይ የኢበርድን ታሪክ የመረጥንበት ምክንያት፥ ጉድለቱን ያረመባቸው መንገዶች ለንግድ ሰው እንግዳ ስላልሆኑ ነው።

አንደኛው እርማት፦ ለአቅራቢው ተገቢውን ዋጋ መክፈል

ኢበርድ በተቋቋመባቸው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለሕዝቡ ያቀረበው ጥሪ «ለሳይንስ እርዳታ አድርጉ» የሚል ነበር። ጥሪው መልካም ቢሆንም የሚመዘግበው ሰው ቁጥር እንደታሰበው አላደገም። ጉዳዩ ሲመረመር፥ ወፍ ማየትን የሚወዱ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ የየራሳቸውን ማስታወሻ ደብተር የሚይዙ መሆናቸው ታወቀ፤ ነገር ግን ያንን ደብተር ትተው ለሌላ ሰው መዝገብ የሚደክሙበት ምክንያት አልነበራቸውም።

ስለሆነም ከ2005 ዓ.ም. አንሥቶ የሥራው አካሄድ ተለወጠ። ወፍ በማየት የታወቁ ሰዎች በሥራ መሪነት ተቀጠሩ፤ መዝገቡም ለመዝጋቢው ራሱ እንዲያገለግል ተደርጎ ተዘጋጀ። ማንም ሰው በሕይወቱ፥ በዓመቱ፥ በአገሩና በክፍለ ሀገሩ ያያቸውን ዝርያዎች ዝርዝር በአንድ ጊዜ ለማየት ቻለ። ሌሎች ሰዎች በየትኛው ሐይቅ፥ በየትኛው ወር ምን እንዳዩ የሚያሳይ ካርታም ተሰጠው። ከዚያ በኋላ መዝጋቢው የሚመዘግበው ለራሱ ጥቅም ሲሆን፥ ሳይንሱ ደግሞ የዚያኑ ቅጂ በነፃ የሚያገኝ ሆነ። የመዝጋቢዎቹ ቁጥርም እጅግ እየጨመረ ሄደ።

ምክንያቱን ነጋዴ በቀላሉ ይረዳዋል። ዕቃ አቅራቢውን በምስጋና ብቻ የሚሸኝ ገዢ ለአንድ ወቅት ዕቃ ያገኝ ይሆናል፤ በሁለተኛው ወቅት ግን አቅራቢው ወደ ሌላ በር ይሄዳል።

ሁለተኛው እርማት፦ ሚዛንና ልክ

የመዝጋቢው ቁጥር መብዛቱ ብቻውን መዝገቡን አስተማማኝ አያደርገውም። ሁለት ሰዎች እያንዳንዳቸው «አሥር ሽመላ አየሁ» ብለው ቢጽፉ፥ አንደኛው ያየው በአሥር ደቂቃ፥ ሁለተኛው ግን ለአምስት ሰዓት ሙሉ ሲዞር ውሎ ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ አንድ ቢሆንም ትርጉሙ የተለያየ ነው። የኩንታሉ ክብደት ሳይነገር «አሥር ከረጢት ቡና» ተብሎ የተጻፈ ፋክቱር ለዋጋ ድርድር እንደማይበቃ ሁሉ፥ የድካሙ ልክ ያልተጻፈበት የምልከታ መዝገብም ለማወዳደር አይበቃም።

ስለዚህ ኢበርድ መዝጋቢውን አምስት ነገር ይጠይቀዋል፤ ይኸውም የት እንደነበረ፥ በስንት ቀንና በስንት ሰዓት እንደጀመረ፥ ምን ያህል ጊዜ እንደቆየ፥ ምን ያህል ርቀት እንደተጓዘ፥ ከእርሱ ጋር ስንት ሰው እንደነበረ ነው። ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ይከተላል፤ «ለይተህ ያወቅኸውን ወፍ ሁሉ መዝግበሃልን?» የሚል ነው።

የሥራው ዋና ቁልፍ ያለው በዚህች ጥያቄ ላይ ነው። መዝጋቢው «አዎን፥ ሁሉንም መዝግቤአለሁ» ብሎ ከመለሰ፥ በዝርዝሩ ላይ ያልተጻፈው ወፍ ተፈልጎ ያልታየ ወፍ መሆኑ ይታወቃል። ዝርዝሩም «የተሟላ ዝርዝር» ይባላል። መልሱ «የለም፥ የወደድሁትን ብቻ ነው የጻፍሁት» ከሆነ ግን፥ ከዝርዝሩ የጎደለው ወፍ ይኑር አይኑር ለማወቅ አይቻልም። ሊቃውንቱ በየሳምንቱ የወፎችን ብዛት የሚያሳዩ ካርታዎች ሲያዘጋጁ በተለይ የሚተማመኑት በተሟሉት ዝርዝሮች ላይ ነው። በእነዚሁ ካርታዎች ላይም «ተፈልጎ የለም» የተባለው ቦታ በአንድ ቀለም፥ «ለመናገር የሚበቃ መረጃ የለም» የተባለው ቦታ በሌላ ቀለም ተለይቶ ይታያል። በመጋዘኑ ምሳሌ ያነሣነው ልዩነት እነሆ በካርታው ላይ ተለይቶ ታየ ማለት ነው።

ሦስተኛው እርማት፦ ዕቃው ሳይፈተሽ አይግባ

ማንም ሰው ሊጽፍበት በሚችል መዝገብ ላይ ስሕተት መግባቱ አይቀርም። ስለዚህ ኢበርድ ለየአካባቢውና ለየወሩ ማጣሪያ አዘጋጅቷል። በዚህ ወረዳ፥ በዚህ ወር፥ ይህ ዝርያ እስከዚህ ቁጥር ድረስ ሊታይ ይችላል የሚል ወሰን ተደንግጓል። መዝጋቢው ከወሰኑ በላይ የሆነ ቁጥር ወይም በዚያ ወቅት የማይጠበቅ ወፍ የጻፈ እንደሆነ፥ መዝገቡ ወዲያውኑ እንዲያረጋግጥ ይጠይቀዋል፤ ጉዳዩም በዚያ አካባቢ አዕዋፍ ላይ ዕውቀት ላለው በጎ ፈቃደኛ መርማሪ ይተላለፋል። መርማሪው ለመዝጋቢው ጽፎ መግለጫ ወይም ፎቶግራፍ ይጠይቃል። ማስረጃ ያልተገኘለት ምልከታ በመዝጋቢው የግል ዝርዝር ላይ ይቆያል እንጂ ወደ ሕዝባዊው ካርታ አይገባም።

አይናቹራሊስት ግን ሌላ መንገድ ይከተላል። ፎቶግራፉን ያዩ ተሳታፊዎች የዝርያውን ስም ይሰጣሉ፤ ከስም ሰጪዎቹ ከሁለት ሦስተኛ በላይ የሚሆኑት ከተስማሙ፥ ቀንና ቦታም ካለው፥ ምልከታው ለምርምር የበቃ ተብሎ ይመደባል። ከ2017 ዓ.ም. ወዲህ ኮምፒዩተሩ ራሱ ፎቶግራፉን አይቶ ስም ይጠቁማል። ይህ ለጀማሪ ታላቅ እርዳታ ቢሆንም፥ መዝጋቢው ሳያመዛዝን የማሽኑን ቃል የተቀበለ እንደሆነ አንድ ስሕተት ብዙ ጊዜ እንዲደገም መንገድ ይከፍታል። ሚዛኑ በራሱ የሚሠራ ቢሆንም እንኳ በየጊዜው የሚያስተካክለው ሰው ያስፈልገዋል።

አራተኛው እርማት፦ ሊሰወር የሚገባውን መሰወር

መዝገብ ሁሉ ለሁሉ ክፍት ይሁን የሚለው አሳብ ያማረ ይመስላል፤ ነገር ግን አደጋ አለበት። በ1999 ዓ.ም. በደቡብ ምሥራቅ ቻይና የተገኘ አንድ የእንሽላሊት ዓይነት ለመጀመሪያ ጊዜ በሳይንስ ጽሑፍ ተገለጠ። ብርቅ እንስሳትን ለቤት ማሳደጊያ የሚሸጡ ሰዎች ጽሑፉን እንደ መንገድ መሪ ተጠቅመው ወደ ቦታው ሄዱ፤ ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ እንሽላሊቱ መጀመሪያ ከተገኘበት ስፍራ ጠፋ። ያ ጽሑፍ በቅንነት የተጻፈ ነበር፤ ጥፋቱ የመጣው ቦታውን በግልጥ በመናገሩ ነው።

ስለዚህ ሁለቱም መዝገቦች በአደን ወይም በንግድ ምክንያት አደጋ ያለባቸውን ዝርያዎች ትክክለኛ ቦታ ይሰውራሉ። ኢበርድ እንደነዚህ ያሉትን ወፎች በካርታው ላይ የሚያሳየው 20 ኪሎ ሜትር በ20 ኪሎ ሜትር በሆነ ሰፊ አራት ማዕዘን ውስጥ ብቻ ነው። አይናቹራሊስትም ነጥቡን በሰፊ ክልል ውስጥ በዘፈቀደ ያዛውረዋል። ተመራማሪው ትክክለኛውን ቦታ ሲፈልግ በፈቃድ ይጠይቃል። የባንክ ሒሳብ ለባለቤቱና ለተፈቀደለት ብቻ እንደሚታይ ሁሉ፥ የብርቅዬ አራዊት ማደሪያም ለማንም አይገለጥም።

የታረመው መዝገብ ያስገኘው ጥቅም

የካሊፎርኒያ መካከለኛ ሸለቆ ቀድሞ ሰፊ ረግረግ የነበረበት አገር ነው። ዛሬ ከረግረጉ እጅግ የሚበልጠው ክፍል ለእርሻ ስለዋለ፥ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ተሰዳጅ ወፎች በጉዟቸው ላይ የሚያርፉበት ውሃ አጡ። መሬቱን ገዝቶ ወደ ረግረግ መመለስ እጅግ ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ወፎቹ ግን ውሃውን የሚፈልጉት በዓመት ውስጥ ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው። በ2014 ዓ.ም. አንድ የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅት ከኢበርድ በተገኘው ካርታ ወፎቹ በየትኛው ሳምንት በየትኛው ስፍራ እንደሚበዙ ለይቶ ካወቀ በኋላ፥ ለሩዝ ገበሬዎች ጨረታ አወጣ። እያንዳንዱ ገበሬ ማሳውን ለተወሰኑ ሳምንታት ጥልቀት በሌለው ውሃ ሸፍኖ ለማቆየት የሚጠይቀውን ዋጋ በምስጢር ጽፎ አቀረበ። ድርጅቱም ዋጋውን ከስፍራው ተፈላጊነት ጋር አመዛዝኖ መረጠ። በዚህ ዓይነት መሬቱ ሳይገዛ ለሚያስፈልገው ጊዜ ብቻ ተከራየ፤ ወፎቹ ማረፊያ፥ ገበሬዎቹም ሥራ በሌለበት ወቅት ገቢ አገኙ።

ሁለተኛው ምሳሌ ከኃይል ማመንጫ ጋር የተያያዘ ነው። በአሜሪካ ንስሮች በሕግ የተጠበቁ ስለሆኑ፥ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የሚተክል ኩባንያ ፈቃድ ማግኘት አለበት። በ2024 ዓ.ም. የወጣው የአሜሪካ መንግሥት ደንብ፥ ከኢበርድ በተሰላው የብዛት ካርታ መሠረት ንስር ጥቂት በሆነበት ስፍራ ለሚሠራ ኩባንያ ቀለል ያለ አጠቃላይ ፈቃድ ይሰጣል፤ የብዛቱ ልክ ከመመዘኛዎቹ አንዱ ነው። ንስር በሚበዛበት ስፍራ ግን ኩባንያው ረዘም ባለ ምርመራ ያልፋል። እንግዲህ የበጎ ፈቃደኛ ተመልካቾች መዝገብ የፈቃድን ጊዜና ወጪ የሚወስን ሆነ ማለት ነው።

ሦስተኛው ምሳሌ ማስጠንቀቂያ ነው። በ2025 ዓ.ም. የታተመ ጥናት ከ2007 እስከ 2021 ዓ.ም. የተሰበሰበውን የኢበርድ መዝገብ መርምሮ፥ ከ495 የሰሜን አሜሪካ የወፍ ዝርያዎች ሦስት አራተኛ ያህሉ በቁጥር እየቀነሱ መሆናቸውን ገለጠ። ቅነሳው የበረታውም ዝርያዎቹ ቀድሞ እጅግ በሚበዙበት ስፍራ ነው። ብዙ ዕቃ ያለበት መጋዘን ሲጎድል ማንም በቶሎ አያስተውልም፤ ጉድለቱን የሚገልጠው በየጊዜው በልክ የተያዘ ቆጠራ ብቻ ነው።

ለአገራችን የሚተርፈው ጉዳይ

ኢትዮጵያ ከ800 በላይ የአዕዋፍ ዝርያዎች ይኖሩባታል። ከእነዚህም መካከል በያቤሎ አካባቢ ብቻ የሚኖረው የቁራ ዘመድ፥ እንዲሁም በነጌሌ ቦረና አጠገብ ባለው የሊበን ሜዳ የሚገኘውና ለመጥፋት እጅግ የተቃረበው ትንሽ ወፍ ይጠቀሳሉ። የስምጥ ሸለቆው ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡ ታላላቅ ተሰዳጅ ወፎች ከሚያልፉባቸው የዓለም ዋና ዋና መንገዶች አንዱ ነው። የአዳማና የአሸጎዳ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ተተክለዋል፤ ሌሎችም ይተከላሉ። ወፎች የት፥ መቼና ምን ያህል እንደሚበዙ ማወቅ የሰውን ሕይወት እስከ መንካት እንደሚደርስም በመስከረም 1988 ዓ.ም. በባሕር ዳር የደረሰው አደጋ ያስታውሰናል፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን በሚነሣበት ጊዜ የርግብ መንጋ ወደ ሞተሮቹ ስለ ገባ 35 መንገደኞች ሕይወታቸውን አጥተዋል።

በየትም አገር ቢሆን የሕዝብ መዝገብ የሚበዛው በዋና መንገድ ዳር፥ በከተማ አጠገብ፥ በጎብኚዎች ማረፊያና በዕረፍት ቀን ነው። ከዚያ ራቅ ያለው ቆላና ደጋ ባዶ ሆኖ ይቀራል። ባለሙያዎቹ ይህን ማዘንበል በስሌት ሊያርሙ ይሞክራሉ፤ ሆኖም አንድም ሰው ያልመዘገበበትን ስፍራ በስሌት መሙላት አይቻልም። ነገ ለአንድ ፋብሪካ፥ ለአንድ መንገድ ወይም ለአንድ የኃይል ማመንጫ ጥናት የሚያዘጋጅ ባለሙያ መዝገቡን ከፍቶ ባዶ መስመር ያገኘ እንደሆነ፥ «በዚህ ስፍራ የሚጠበቅ ነገር የለም» ብሎ ለመጻፍ ይፈተናል። ይህም ሥራው ከተጀመረ በኋላ ክርክር፥ መዘግየትና ኪሣራ ሊያመጣ ይችላል። ባዶው መስመር የሚያመለክተው መቅረትን ይሁን አለመቆጠርን አስቀድሞ ማወቅ ለባለሀብቱም፥ ለአበዳሪውም፥ ለአካባቢው ነዋሪም ይሻላል።

ሌላው ጉድለት የስም ጉዳይ ነው። በአማርኛ «ቁራ» ብለን የምንጠራው ስም ብዙ ዝርያዎችን ያጠቃልላል፤ መንቁሩ እጅግ ወፍራም፥ ማጅራቱ ነጭ የሆነው የደጋው ቁራ፥ ጅራቱ አጭርና መላ አካሉ ጥቁር የሆነው፥ ደረቱና አንገቱ ነጭ የሆነው ሁሉም ቁራ ናቸው። መዝገቡ እያንዳንዱን ዝርያ በሳይንስ ስሙ ይለያል። ስለዚህ በልዩ ልዩ የአገራችን ቋንቋዎች ያሉት ስሞች ተሰብስበውና ተለይተው ከሳይንስ ስሞቹ ጋር ቢጣመሩ፥ እንግሊዝኛ የማያነበው ገበሬና እረኛ ዕውቀቱን ለማካፈል በቻለ ነበር። በ1966 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር፥ ዩኒቨርሲቲዎቻችንም፥ ለዚህ ሥራ የሚበቁ ባለሙያዎች አሏቸው፤ ለኅትመቱና ለማሰራጨቱ የነጋዴው እርዳታ ቢታከልበት ሥራው ይፋጠናል።

የንግድ ሰው በዚህ ረገድ ልዩ ዕድል አለው። ጭነት የሚያመላልሱ መኪናዎች፥ ቡናና ሰሊጥ የሚሰበስቡ ወኪሎች፥ በትንንሽ ከተሞች የሚኖሩ ባለሱቆች፥ ተመራማሪው በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ በማይደርስበት ስፍራ ዕለት ዕለት ይገኛሉ። የኢበርድ የስልክ መተግበሪያ የአካባቢው ዝርዝር አስቀድሞ ከተጫነለት ኔትወርክ በሌለበትም ይሠራል፤ የተመዘገበው በስልኩ ላይ ይቆይና ኔትወርክ ሲገኝ ይላካል። ለማስጠንቀቅ ያህል፦ ሾፌር መኪናውን ካቆመ በኋላ እንጂ እየነዳ አይመዝግብ፤ ፎቶግራፍ ማንሣት በተከለከለበት ስፍራ ስልክ አይውጣ፤ ብርቅዬ አውሬ ያየ ሰው ቦታውን በየመንገዱ አያውራ።

ከሁሉም በላይ ለጀማሪው የምንሰጠው ምክር ይህ ነው፤ ብርቅ ነገር እስኪያይ ድረስ አይጠብቅ። በሱቁ ደጅ ለአሥር ደቂቃ ቆሞ፥ ያወቀውን ወፍ ሁሉ፥ ድንቢጧንም ርግቧንም ሳይቀር፥ ከነሰዓቱ ቢጽፍና ይህንኑ በየሳምንቱ ቢደግም፥ በዓመት አንድ ቀን የታየ አንድ ብርቅ ወፍ ከሚያስገኘው ይበልጥ ዋጋ ያለው መዝገብ ያበረክታል። መዝገቡን የሚያከብደው በየጊዜው በልክ መያዙ ነውና። በዚህ ዓይነት አገራችን በዓለም መዝገብ ላይ ያላት ባዶ መስመር ቀስ በቀስ ይሞላል፤ ባዶ ሆኖ የሚቀረውም መስመር ቢሆን «ተፈልጎ የለም» የሚል የታመነ ትርጉም ያገኛል።